ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ፦ ትኬቱ የማይነግረው መንገድ

በአገር ቤት ገጠር መንገድ የጠፋበት እንግዳ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «እዚችው ናት፣ ያቺን ጉብታ ዞር ሲሉ» ይባላል። ጉብታዋ ስትታለፍ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወንዝ ይመጣል፤ እንግዳውም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ባላገሩ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ለእሱ እግር ቅርብ ነው። ደግሞም ጠበቅ አድርጎ ለጠየቀው ሰው ትክክለኛውን መለኪያ ያውቀዋል። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «በበቅሎ ሁለት አዳር ነው» ይላል። መንገደኛ የሚቸግረው የመሬቱ ስፋት ሳይሆን ቀኑ የት እንደሚመሽበት መሆኑን ባላገሩ ከአባት ከአያቱ ተምሮታል።

የዛሬው የአየር ትኬት ገበያ ከዚህ ባላገር «እዚችው ናት» የምትለውን ወስዶ «ስንት አዳር ነው» የምትለውን የተዋት ይመስላል። ትኬቱ ላይ «ለንደን» ተብሎ ይጻፋል። መንገደኛው ለንደን ያርፋል፣ ከለንደን ይነሳል። በወረቀት ሲታይ አንድ ከተማ፣ አንድ ማረፊያ፣ አንድ አፍታ ነው። ከከተማው ስም አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የአየር ማረፊያው ስም ግን ያረፉበትና የሚነሱበት ቦታ ሁለት የተለያዩ መሆናቸውን ይናገራል። ይህን ሳያስተውል ገንዘቡን የከፈለ ወገን ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በለንደን ማየቱ ይበጃል። በለንደን ስም የሚጠሩ አየር ማረፊያዎች ስድስት ናቸው፤ ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲ እና ሳውዝኤንድ። ከከተማው መሐል በመኪና መንገድ ሲለካ ሂትሮው በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጋትዊክ በስተደቡብ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሉተን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስታንስቴድ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። አንዱ በምዕራብ፣ ሌላው በደቡብ፣ ሌላው በሰሜን ተበትነው ሲያበቁ ሁሉም «ለንደን» ይባላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ መንገደኛ ወይ ከተማዋን አቋርጦ ማለፍ፣ ወይም በዙሪያዋ መዞር አለበት።

ከሂትሮው እስከ ጋትዊክ አሞራ እንደሚበረው ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ግን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መንገዱ ለንደንን እንደ መቀነት የሚዞረው ኤም 25 የተባለው ጎዳና ሲሆን፣ ርዝመቱ በጠቅላላው 188 ኪሎ ሜትር ነው። ቀን ሲቀና አውቶቡስ በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያደርሳል። አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ ወይም የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከሆነ ግን መቼ እንደሚያደርስ ሾፌሩም አያውቀውም። ከሂትሮው እስከ ስታንስቴድ ያለው ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ከአዲስ አበባ ናዝሬት ደርሶ አልፎም ለመሄድ የሚበቃ መንገድ ነው። «አዲስ አበባ አርፈህ ከናዝሬት ማዶ ትነሳለህ» የተባለ ሰው ሁለቱን አንድ ከተማ ናቸው ብሎ አይቀበልም።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ችግር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1986 ድረስ ከጋትዊክ ሂትሮው መንገደኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር ነበር፤ መንገዱን በ15 ደቂቃ ያህል ይጨርሰው ነበር። ኋላ የመንደሩ ሰው በጩኸቱ መማረሩና የኤም 25 ጎዳና ሥራ መገባደዱ ተደምሮ የሄሊኮፕተሩ ፈቃድ ተነሳ፤ ጎዳናውም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎ፣ ሁለቱን አየር ማረፊያዎች በቀጥታ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ እስከዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የኤልሳቤጥ መስመር ከሂትሮው ወደ መሐል ከተማ የሚወስደውን ጉዞ አቃሎታል። ቢሆንም ጋትዊክ ለመድረስ ፋሪንግደን ላይ ወርዶ፣ ሻንጣ ጎትቶ ሌላ ባቡር መያዝ ግድ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከሩብ ሰዓት ወደ ሰዓት ከሩብ የረዘመ መንገድ ቢኖር ይህ ነው።

የመንገዱ ርዝመት ደግሞ ከጉዞው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። አንድ መንገደኛ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ሂትሮው አረፈ ይባል። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የፓስፖርት ሰልፍ ይዞ፣ ሻንጣውን ከተሽከርካሪው ላይ አንሥቶ እስኪወጣ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አውቶቡስ ጠብቆ ሲሳፈር 9 ሰዓት ይሞላል። መንገዱ ከቀና ከ10 ሰዓት ከሩብ እስከ 10 ተኩል ባለው ጊዜ ጋትዊክ ይደርሳል። ጋትዊክ ደግሞ የሰሜንና የደቡብ የሚባሉ ሁለት ተርሚናሎች ስላሉት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የሻንጣ መቀበያው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። እንግዲህ አውሮፕላኑ በ11 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ መንገደኛው በሩ ላይ ደርሶ ጀርባውን ያየዋል ማለት ነው። በእኩለ ቀን የሚነሳ ከሆነ ላቡን እየጠረገ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሂትሮውና በጋትዊክ መካከል ከአምስት ሰዓት ያነሰ ልዩነት ያለው ትኬት ቁማር ነው። ስታንስቴድ ከሆነ ስድስትም ሰባትም ሰዓት አይበዛበትም።

ይህ የለንደን ጉድ ብቻ አይደለም። ፓሪስ ላይ ሻርል ደጎል ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ፣ ኦርሊ ደግሞ በደቡብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የከተማው ሜትሮ 14ኛ መስመር እስከ ኦርሊ ስለተዘረጋ ነገሩ ቢሻሻልም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በፓሪስ ስም የሚሸጠው ቦቬ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስቶክሆልም ላይ አርላንዳ በሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስካቭስታ በደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦስሎ ላይ ጋርደሞን በሰሜን፣ ቶርፕ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በደቡብ ይገኛል። ብራስልስ ላይም የዛቨንተምና የሻርለርዋ ነገር ይኸው ነው። ከሁሉ የሚገርመው «ፍራንክፈርት ሐን» የሚባለው ነው። ይህ ሥፍራ እስከ 1993 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር የነበረና ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ መንገደኛ የሚያደርስ ባቡር እንኳ የለውም። ስሙ ግን ፍራንክፈርት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው የድካምና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከዚህ የከፋ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ድንበር ነው። በአንድ አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን መለወጥና ከአንድ አየር ማረፊያ ወጥቶ ወደ ሌላው መሄድ በሕግ ፊት ፍጹም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በመተላለፊያ ውስጥ መቆየት ነው። ሁለተኛው ግን አገሩ ውስጥ መግባት ነው፤ ለሁለት ሰዓትም ቢሆን መግባት መግባት ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው በሼንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። ይህም «ኤ» የሚባለው ቪዛ ባለቤቱን ከአየር ማረፊያው ቅጥር አያስወጣውም። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ስላለው ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆነም ቢሆን፣ ነፃ የሆነው በዓለም አቀፉ መተላለፊያ ውስጥ ለመቆየት እንጂ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኦርሊ ለመሄድ አይደለም። ለዚያ የሼንገን መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ብሪታንያም እንዲሁ በአየር ማረፊያ ውስጥ ለሚያልፍና ድንበር ተሻግሮ ለሚያልፍ ሁለት የተለያዩ የመተላለፊያ ቪዛዎች አሏት። ለአንዳንዱ መንገደኛ፣ ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ቪዛ ይዞ ለሚጓዝ፣ የተለየ ድንጋጌ ቢኖርም ሁኔታዎቹ ብዙ ናቸው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም የድንበሩ ሹም ነው። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚንቀሳቀስ ወገንም ሰነዱን የሰጠው አገር አውሮፓ ውስጥ ስለሆነ ብቻ እንግሊዝ አገር እንደ ልቡ ይገባል ማለት አይደለም። ከ2025 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካም ሆነ የአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜጎች የብሪታንያን ድንበር ለመሻገር አስቀድመው የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ «እኔ እንኳ የፈረንጅ ፓስፖርት አለኝ» የሚለውም ቢጠይቅ አይጎዳም።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ለንደን ወይም ፓሪስ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ግን ቦሌ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ መርቆ ከሸኘ በኋላ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ይዞ የሄደ አየር መንገድ ስለሚቀጣ፣ ሠራተኛው ትኬቱን አይቶ «ይህን ይዘው መሻገር አይችሉም» ይላል። ያ ሠራተኛ ሥራውን ነው የሠራው። በሰነድ ጉድለት ከመሳፈር የተከለከለ ሰው ደግሞ የአውሮፓው የመንገደኞች መብት ደንብ ካሣ አይሰጠውም። ለልጇ አራስ ቤት የምትሄድ እናት ቦሌ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ፣ በውስጡ ያለው በሶና ቅቤ ብቻ ሳይሆን ልጇ የቆጠበችው ገንዘብም አብሮ ይመለሳል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ልጅቱ አይመለስም።

ሌላው መታየት ያለበት ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ነው። ጠቅላላው ጉዞ በአንድ ትኬት የተገዛ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ መንገደኛውን እስከ መጨረሻው ማድረስ የሸጠው አየር መንገድ ዕዳ ነው። ሁለት ትኬት ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለቱ አየር መንገዶች አይተዋወቁም። ሂትሮው በጭጋግ ምክንያት ሦስት ሰዓት ቢዘገይ፣ የስታንስቴዱ አየር መንገድ የሚያውቀው መንገደኛው በሰዓቱ አለመገኘቱን ብቻ ነው። ትኬቱ ይቃጠላል፤ በዕለቱ ዋጋ ሌላ ይገዛል። ሻንጣውም ቢሆን በራሱ አይተላለፍም፤ ባለቤቱ ተቀብሎ፣ ተሸክሞ፣ እንደገና ማስረከብ አለበት።

ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል መመልከት ጠቃሚ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 አንድ ከተማ ወይም አካባቢ ብዙ አየር ማረፊያ ካለው፣ አየር መንገዱም መንገደኛውን ባልተያዘለት አየር ማረፊያ ካወረደው፣ ወደ ተያዘለት አየር ማረፊያ ወይም ወደሚስማሙበት ቅርብ ቦታ የማድረሻውን ወጪ አየር መንገዱ እንዲችል ያዛል። ይህን ደንብ ብሪታንያም ከኅብረቱ ስትወጣ የራሷ ሕግ አድርጋ አቆይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ከቪየና ወደ በርሊን ቴጌል ሲሄድ በርሊን ሾኔፌልድ ስላረፈ አውሮፕላን በሰጠው ፍርድ፣ አየር መንገዱ ይህን ወጪ ሳይጠየቅ በራሱ አንደበት ማቅረብ እንዳለበት ወስኗል። መዘግየቱም የሚቆጠረው አውሮፕላኑ መሬት በነካበት ሰዓት ሳይሆን መንገደኛው በየብስ ተጉዞ ወደ ተያዘለት አየር ማረፊያ በደረሰበት ሰዓት ነው ብሏል። ዳኞቹ ከባላገሩ ጋር ተስማሙ ማለት ነው፤ መንገድ የሚለካው በሰዓት ነው።

ነገር ግን ይህ ሕግ የሚጠብቀው ሳይፈልግ ሌላ አየር ማረፊያ የወረደውን ነው። በገዛ እጁ በሂትሮው ገብቶ በስታንስቴድ የሚወጣ ትኬት የገዛውን ሰው የሚጠብቀው ራሱ፣ ወይም ትኬቱን የቆረጠለት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ርካሽ አውሮፕላኖች ባይኖሩ ኖሮ ስንት ቤተሰብ ሳይተያይ ይኖር ነበር? ሌሊት ሲያጸዳ የሚያድር ወጣት ከመቶ ዩሮ በላይ የሚቆጥብለት ትኬት ካገኘ፣ ገንዘቡ ለእናቱ የወር አስቤዛ ይሆናል። ጉልበት አለው፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ቦርሳው ጀርባው ላይ ነው፤ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ቢሮጥ ምን ይሆናል? ይህ እውነት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገደኛ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የአውቶቡሱን ዋጋ፣ የምግቡን፣ ቢዘገይ የማደሪያውን ደምሮ ከቁጠባው ላይ ይቀንስ፤ የተረፈ ካለ ትኬቱ ርካሽ ነው። ካልተረፈ ግን ዋጋው ሌላ ቦታ ተደብቆ ነበር ማለት ነው። ሳይደመር የተገዛ ርካሽ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ነው።

የስድሳ ሰባት ዓመት እናት ጉዳይ ግን የሒሳብ አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቋንቋውን የማያውቁ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር የወጡ ሰው በስልሳና በመቶ ዩሮ ልዩነት ምክንያት በባዕድ ከተማ አውቶቡስ እንዲፈልጉ ማድረግ ቁጠባ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ትኬቱ ላይ 13:00 የሚለው በአገር ቤት ሰባት ሰዓት መሆኑን እንኳ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ለያዘች እናት፣ መርዶ ሰምቶ ለሚሄድ ሐዘንተኛ አየር ማረፊያ የሚያስለውጥ ትኬት ጭራሽ መገዛት የለበትም። ሌላ መንገድ ከጠፋም ቢያንስ አንድ አዳር ይግባበት፤ በከተማው የሚኖር የአገር ልጅም ተፈልጎ ይቀበላቸው።

ትልቁ ኃላፊነት ያለው በአማርኛ ትኬት በሚሸጡት የጉዞ ወኪሎች ላይ ነው። ሰው በስልክ ጥቂት ፊደል ነክቶ ትኬት መግዛት በሚችልበት ዘመን ወደ እነዚህ ቢሮዎች የሚሄደው እምነት ጥሎ ነው። «አንተው ታውቃለህ» ብሎ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ይህን አደራ የተቀበለ ወኪል ዋጋውን ብቻ ተናግሮ ገንዘብ መቀበል አይበቃውም። የሚያርፉበትንና የሚነሱበትን አየር ማረፊያ ስም፣ በመካከሉ ያለውን ሰዓት፣ ሻንጣው በራሱ ይተላለፍ እንደሆነና የሚያስፈልገውን ቪዛ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ቢሰጥ አምስት ደቂቃ አይወስድበትም። ይህን የሚያደርጉ ሐቀኛ ወኪሎች አሉ፤ ደንበኛቸውም አይለያቸውም። የማያደርገውን ደግሞ ደንበኛው ሊጠይቀው ይገባል። ሳይጠይቅ ከፍሎ ኋላ ማማረር ለማንም አይጠቅምም።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆችም ለወላጆቻቸው በስልካቸው ትኬት ሲቆርጡ ዋጋውን ከታች ወደ ላይ ደርድረው የመጀመሪያውን መንካት ልማዳቸው ነው። ለራሳቸው ከሆነ ደግ። ለእናት ሲሆን ግን ከዋጋው በፊት የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ስም ያንብቡ። ስሞቹ አንድ ካልሆኑ ካርታ ይክፈቱ፤ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ሰዓቱን ይቁጠሩ፤ በቆጠሩት ላይም ሁለት ሰዓት ይጨምሩ። ፓስፖርቱ የየት አገር እንደሆነም አይተው፣ የሚያልፉበት አገር ኤምባሲ የሚጠይቀውን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ። የቪዛ ደንብ ስለሚለዋወጥ ጓደኛ አምና ያለፈበት በር ዘንድሮ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

የአገር ቤት ሰው መንገደኛን ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልዎ» ብሎ ይመርቃል። ምርቃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከቦሌ እስከ ሂትሮው ያለውን መንገድ አውሮፕላኑ ጨርቅ ያደርገዋል። ከሂትሮው እስከ ስታንስቴድ ያለውን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ግን ጨርቅ ማድረግ የሚችለው ትኬቱ ከመከፈሉ በፊት የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።